ቀይና አረንጓዴ ሲምታታ

ካርካሶን የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የምንጫወተው ቤት ውስጥ ነው፣ ቡና እየተፈላ። ትንንሾቹን የእንጨት ሰዎች ‘ሚፕል’ እንላቸዋለን። ለአንድ ተጫዋች በአንድ ቀለም 8 ናቸው፤ 7ቱ ይሰለፋሉ፣ አንዱ ነጥብ ይቆጥራል።

ችግሩ ታናሽ ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ባለፈው እሁድ የኔን ‘ገበሬ’ (ሜዳ ላይ ያስቀመጥኩትን ሚፕል) የራሱ መስሎት ነጥብ ሲቆጥር ጭቅጭቁ ቡናውን አቀዘቀዘው።

መጀመሪያ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ጣታችን ላይ ቀረ። ጥቁር ማርከር ደግሞ አረንጓዴው ላይ በቅጡ አይታይም።

ከእህቴ ነጭ የጥፍር ቀለም ተዋስኩ (እስካሁን አልመለስኩም)። የአረንጓዴዎቹን አናት በጥፍር ሞረድ ትንሽ ሻከር አድርጌ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ አሳረፍኩ። አማረብኝ! ስንጫወት ግን ጉድ ፈላ። በዚህ ጨዋታ ገበሬ ሜዳ ላይ የሚቀመጠው ተጋድሞ ነው፤ ሲጋደም አናቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ የቀለም ጠብታውም ከላይ አይታይም።

ስለዚህ ደረታቸው ላይም ጀርባቸው ላይም ደገምኩት። አንዱን ጎን ቀብቼ አሳደርኩ፣ ሌላውን በነጋታው። ቸኩዬ የገለበጥኩት አንዱ ጋዜጣ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ዛሬም ሆዱ ላይ ‘ማስታወቂ’ የሚል ይነበባል።

ወንድሜ አሁን አይሳሳትም። እያሸነፈኝ ነው እንጂ።