የአንድን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የመከላከል ብቃት በቁጥር እንዴት መመዘን ይቻላል?

ቢል ራስል ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር 11 ዋንጫ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ጫማውን ሲሰቅል ስንት ብሎክ (ወደ ቅርጫቱ የተወረወረን ኳስ በእጅ መትቶ ማገድ) እንዳደረገ የሚናገር ይፋዊ መዝገብ አልነበረም፤ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ብሎክና ስቲል (ኳስን ከአጥቂ መንጠቅ) መመዝገብ የጀመረው ከ1973-74 የውድድር ዘመን ወዲህ ነውና። ዛሬ ሁለቱም በየጨዋታው ሰንጠረዥ ላይ ስላሉ ብዙ ተመልካች ተከላካይን የሚመዝነው በእነሱ ብቻ ነው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ቢታዩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከመከላከል ሥራ ብዙው ባላጋራ አስቦ የተወው ሙከራ ሲሆን፣ ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

መነሻው ቡድኑ የተቆጠረበት ነጥብ ነው። በአንድ ጨዋታ የተቆጠረው ድምር ግን ያሳስታል፤ ፈጥኖ የሚጫወት ቡድን ብዙ ያጠቃል፣ ብዙም ይጠቃል። ስለዚህ በ100 የማጥቃት ዙር የተቆጠረውን ነጥብ ያስሉ፤ አንድ ዙር ቡድኑ ኳስ ከያዘበት ለተጋጣሚው እስኪለቅ ያለው ነው። የዙሮቹን ብዛት ለመገመት የባላጋራውን የሜዳ ሙከራዎች (ከነጻ ውርወራ ውጭ ወደ ቅርጫቱ የወረወራቸውን) ይውሰዱ፤ የነጻ ውርወራዎቹን ብዛት በ0.44 አባዝተው ይደምሩ፤ ያበላሻቸውን (ሳይወረውር ለተጋጣሚ የለቀቃቸውን) ኳሶች ይጨምሩ፤ በማጥቃት ላይ ሳለ መልሶ ያገኛቸውን ሪባውንዶች (ሙከራው ስቶ የተመለሱ ኳሶች) ይቀንሱ። 86 ሙከራ፣ 25 ነጻ ውርወራ፣ 13 የተበላሸ ኳስና 10 የማጥቃት ሪባውንድ ያለው ቡድን 86+11+13-10፣ ማለትም 100 ዙር አጥቅቷል። በ0.44 የሚባዛው ነጻ ውርወራ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ስለሚሰጥና እያንዳንዱ ውርወራ አንድን ዙር ስለማይዘጋ ነው።

ቀጥሎ ይህንኑ ቁጥር ለሁለት ይክፈሉ፦ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለና ወንበር ላይ ሳለ። እሱ ባለበት በ60 ዙር 63 ነጥብ፣ እሱ በሌለበት በ40 ዙር 46 ነጥብ ቢቆጠር፣ በ100 ዙር 105 እና 115 ይሆናል፤ የ10 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ቪክቶር ዌምባንያማ በ2023-24 በየጨዋታው በአማካይ 3.6 ብሎክ በማድረግ ሊጉን ሲመራ፣ ቡድኑ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 22 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። በቡድኑ ቁጥር ብቻ ቢመዘን ኖሮ በዚያ ዓመት የምርጥ ተከላካይ ምርጫ ሁለተኛ መውጣቱ እንቆቅልሽ በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ልዩነቱ የተጫዋቹ ብቃት ሳይሆን የተቀያሪው ድክመት ሊሆን ይችላል፤ አብረውት የሚገቡት አራት ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ከሁሉ በላይ የሚያታልለው የባለሦስት ነጥብ ሙከራ ነው፤ ባላጋራ ከሩቅ ወርውሮ ማግባቱና መሳቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመቶኛው ይልቅ ስንት ጊዜ ለመወርወር እንደ ተፈቀደለት ይመልከቱ። አሥር ጨዋታ ለፍርድ አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይጠብቁ።

ለረጃጅም ተከላካዮች ከቅርጫቱ አጠገብ የሚደረገውን ሙከራ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ከ2013-14 ጀምሮ በኤንቢኤ ሜዳዎች ሁሉ የተሰቀሉ ካሜራዎች የተጫዋቾችንና የኳሱን እንቅስቃሴ ስለሚከታተሉ መረጃው አለ። የማግባት መቶኛው ብቻ ሳይሆን የሙከራው ብዛትም ከቀነሰ አጥቂዎች ተከላካዩን ይፈሩታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስቲልና ብሎክ ይመለሱ፤ ከፋውሎቹ ጋርም ያስተያዩ። ስቲል ዙሩን እዚያው ይዘጋዋል፤ ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ብሎክ ግን ለአጥቂው ይመልሰዋል። ለስቲል ዘልሎ የሳተ ተከላካይ ደግሞ ጓደኞቹን አራት ለአምስት ጥሏቸው ይሄዳል፤ ይህ ስሕተቱ በሰንጠረዡ ላይ አይታይም።

በመጨረሻም ቁጥሮቹ ሲጋጩ ቪዲዮውን ይክፈቱ። ሼን ባቲየር በሂውስተን ሮኬትስ ሳለ ስቲሉም ብሎኩም ጥቂት ነበር፤ እሱ ሲገባ ግን ቡድኑ ይሻሻል ነበር። ኮቢ ብራያንትን ሲከላከል ኳሱን ለመምታት ከመዝለል ይልቅ እጁን ከኮቢ ዓይን ፊት ይዘረጋና ወደማይመቸው ቦታ ይገፋው ነበር። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ሲያጋጥምዎ ሃያ ዙር መርጠው ኳሱን ትተው እሱን ብቻ ይከተሉ፤ ሰውየው የሚጠብቀው አጥቂ ኳስ ለመቀበል ምን ያህል ርቆ እንደ ወጣ፣ ስንት ጊዜም ሳይወረውር እንዳቀበለ በወረቀት ላይ ያስፍሩ።