መጋዙ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

መርካቶ ወርዳችሁ ሌላ መጋዝ ከመግዛታችሁ በፊት፣ እጃችሁ ላይ ያለው ለምን እንዳስቸገረ እዩ። ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ ግቢ ጥግ ካቫሌቶ (የሚቆረጠው እንጨት የሚጋደምበት እግር ያለው መደገፊያ) ዘርግቶ የሚሠራ ሰው «ይሄ መጋዝ አይረባም» ሲል ብዙ ጊዜ መጋዙ ያለ ሥራው ገብቶ ነው።

እየገዘገዛችሁ ነው፣ ግን አይሄድም

መጀመሪያ የምትቆርጡበትን አቅጣጫ ተመልከቱ። ጣውላውን በቁመቱ እየሰነጠቃችሁ ነው ወይስ ቃጫውን አቋርጣችሁ እያሳጠራችሁት? ለመሰንጠቅ የተሠራ መጋዝ ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ4 እስከ 7 ይሆናል። እያንዳንዱ ጥርስ ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ነው፣ ቃጫውን እየፋቀ ያወጣል። አቋርጦ የሚቆርጠው ደግሞ በኢንች ከ8 እስከ 12 ጥርስ አለው፣ ጎንና ጎኑም እንደ ቢላ ተስሏል። ይህን ይዛችሁ የዋንዛ ጣውላ በቁመቱ ልሰንጥቅ ብትሉ ጥርሱ በሰጋቱራ ይደፈናል፣ ክንዳችሁም ይዝላል።

መፍትሄው ትልቅ ጥርስ ያለው መጋዝ ነው። ግን አልፎ አልፎ ብቻ የምትሰነጥቁ ከሆነ እኔ አልገዛም። እንጨት ቤቱ ሂሳብ ከፍላችሁ በማሽን አሰንጥቁትና ለቤት የማቋረጫውን ብቻ ያዙ።

አቅጣጫው ትክክል ሆኖም እምቢ ካለ ጥርሱ ደንዝዟል። በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይሳላል። የጥርሱ ጫፍ ጠቆር ያለና ሞረዱ የሚያዳልጥበት ከሆነ ግን በሙቀት የጠነከረ ነው፤ አይሳልም፣ ይቀየራል።

መጋዙ መሀል ላይ ይነከሳል

እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ ይሄ የታወቀ ነው። ግንዱ ውስጥ ታምቆ የቆየው ውጥረት ሲቆረጥ ይለቀቅና ስንጥቁ መልሶ ይገጥማል። የከፈታችሁት ስንጥቅ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ ጣል አድርጉ። የምትቆርጡት ቦታ ከሁለት ካቫሌቶ መሀል ከሆነ እንጨቱ በክብደቱ ይጎብጥና ምላጩን ይይዛል። ስለዚህ ተቆርጦ የሚወድቀው ጫፍ ከካቫሌቶው ውጭ ይሁን። ደረቅ እንጨት ላይም ከነከሰ ጥርሶቹ ወደ ግራና ቀኝ ያላቸው ዘንበል ጠፍቷል ማለት ነው፣ አናጺ ቤት ያስተካክሉላችኋል። የምላጩን ጎን በሻማ ማሸትም ይረዳል።

በኤሌክትሪክ ሰርኩላር መጋዝ (ጥርስ ባለው ክብ ዲስክ የሚቆርጠው) ሲሆን ነገሩ ቀልድ አይደለም። የተነከሰ ዲስክ ማሽኑን ወደ እናንተ ይወረውረዋል። ዲስኩ እስኪቆም ከእንጨቱ ውስጥ አታንሱት፣ ከጀርባውም በቀጥታ አትቁሙ።

ኮምፔርሳቶው ጠርዙ ይሰነጣጠራል

ጥርስ ከእንጨቱ በሚወጣበት በኩል ቃጫ ይነሳል። ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ) እና በእጅ የሚያዝ ሰርኩላር ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጡ የሚበላሸው የላይኛው ገጽ ነው፤ ቆንጆውን ፊት ወደ ታች አድርጉ። በግፊት የሚቆርጥ የእጅ መጋዝና የጠረጴዛ መጋዝ ግን ተቃራኒ ናቸው፣ ቆንጆው ወደ ላይ ይሁን። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍም ያግዛል።

ዲስኩንም ቁጠሩት። በ185 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ 24 ጥርስ ለሻካራ ሥራ ነው፤ ለኮምፔርሳቶ ከ40 እስከ 60 ያስፈልጋል። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የመሀል ቀዳዳው ስፋት ይለያያልና። የእንጨት ዲስክ ግራይንደር ላይ መግጠም ግን ይቅር። ፍጥነቱ ከሰርኩላር እጅግ ይበልጣል፣ ሲነክስም በእጅ አይያዝም።

ቁርጡ ይጣመማል

ጂግሶ ከሆነ ምላጩ ቀጭን ነው፣ ወፍራም እንጨት ውስጥ ታችኛው ጫፉ ይታጠፋል። ጂግሶ ለኩርባ ነው። ለቀጥታ መስመር ሰርኩላሩን ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፋችሁ ንዱት። ለመሳቢያና ለፍሬም መገጣጠሚያ ደግሞ ጀርባው ላይ ብረት ያለው፣ በኢንች ከ12 ጥርስ በላይ የሆነ ትንሽ መጋዝ ከስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ማስመሪያ) ጋር ይበቃል።

ይጨሳል፣ ሞተሩም ይደክማል

ዲስኩ ደንዝዟል ወይም የጽድ ሙጫ ለብሷል። ከማሽኑ አውጥታችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። እሱ ካልሆነ ኤክስቴንሽኑን ዳስሱ። ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይሉን ይበላል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠም ይግላል። ወፈር ያለ፣ አጠር ያለ ገመድ ግዙ።

በሥራ መሀል መብራት ከጠፋ ማብሪያውን ልቀቁና ሶኬቱን ንቀሉ። ማብሪያው ተቆልፎ የቀረ ማሽን መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ።

ክረምት ላይ ይዝጋል

ጥርሱን ጠርጋችሁ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡትና ስቀሉት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት።