ለጥምቀት ወደ ጎንደር ሲጓዙ፦ የነጭ ልብስ አሸካከፍ

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ተነሥተው ወደ አፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ከመውረዳቸው በፊት በብዙ የጎንደር ቤቶች ውስጥ የካውያ ወረፋ ይያዛል። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከሌላም ቦታ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ቀሚሱና ነጠላው ተጨማዶ ያገኘዋል፤ ካውያው ግን አንድ ነው፤ መብራትም በዚያ ሰዓት ላይኖር ይችላል። በየዓመቱ እንግዳ በምንቀበልበት ቤት ይህን ጭንቀት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ልብሱን የሚያበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የአሸካከፉ ጉድለት ስለሆነ፣ ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ገና ከቤት ሳይወጡ ነው።

የሀገር ልብሳችን የሚሸመንበት ፈትል ጥጥ ነው። ጥጥ የተሠራበትን ሴሉሎስ አያይዘው የሚይዙት የሃይድሮጅን ትስስሮች በእርጥበትና በሙቀት ይላላሉ፤ ክሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ልብሱ በዚያች ሰዓት የያዘውን ቅርጽ ይዘው እንደገና ይጠብቃሉ። ካውያ ልብስን የሚያቃናው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከካውያ የወረደ ልብስ ትኩሳቱ ሳይወጣለት ወይም እንፋሎቱ ሳይደርቅ ቢታጠፍ የታጠፈበት መስመር ራሱ እንደተተኮሰ ሆኖ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማለዳ የሚነሣ ሰው ልብሱን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተኩሶ፣ ለጥቂት ሰዓታት በመስቀያ ላይ አቆይቶ፣ ማታ ቢሸክፈው ይሻላል። ካውያውን አስቀምጦ ወዲያው ወደ ሻንጣ መሮጥ ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ሀበሻ ቀሚስ ነው፤ ስሱ ሸማና ወፍራሙ ጥለት በአንድ ልብስ ላይ ይገናኙበታልና። ጥለቱ ከባድና ግትር ሲሆን ሸማው በትንሽ ጫና የሚተኛ ስለሆነ፣ ጥለት በሸማ ላይ በተደረበ ቁጥር ጠርዙ እንደ ገመድ ያለ ምልክት ትቶ ያልፋል። በመጀመሪያ ቀሚሱን ይገልብጡት፤ ፊቱ ወደ ውስጥ ሲሆን የጥለቱ ክር በዚፕ ወይም በጫማ ዘለበት አይሳብም፣ ነጩም ከቆሻሻ ይጠበቃል። ቀጥሎ ንጹሕ አንሶላ አልጋ ላይ ዘርግተው ቀሚሱን በላዩ ያስተኙትና እጅጌዎቹን ወደ መሐል ይመልሱ። ከደረት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በቁመቱ ለሁለት እንዳይሰበር፣ የግራና የቀኙን ጎን ብቻ ወደ ውስጥ አጥፈው መሐሉን እንደተዘረጋ ይተዉት፤ አንሶላውንም በጎኖቹ ላይ ይመልሱበት። በመጨረሻም ወፍራም ፎጣ ጠቅልለው በቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያኑሩና ቀሚሱን ከነአንሶላው ወደ ላይ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉት። ፎጣው በመሐል ስላለ ልብሱ በሹል መስመር አይሰበርም፤ አንሶላውም በየዙሩ መካከል እየገባ ጥለቱን ከሸማው ይለያል። የወንዶች እጀ ጠባብም በዚሁ መንገድ ይጠቀለላል፤ ነጠላም ከላይ ሊደረብበት ይችላል። አንዳንዶች በአንሶላው ፈንታ ጋዜጣ ይጠቀማሉ፤ የጋዜጣ ቀለም ነጭ ሸማ ላይ ስለሚያርፍ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ለሌላ ልብስ የሚተርፍ ቦታ አይገኝም። እኔ የምመክረው ተጓዡ ለብሶት እንዲመጣ ነው፤ አውቶቡስ የሚነሣው በማለዳ ብርድ ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጎንደርም በጥር ሌሊት ትቀዘቅዛለች፤ የከተራን ሌሊት በባሕረ ጥምቀቱ አካባቢ ለሚያድር ምእመን ደግሞ ጋቢ የግድ ነው። አየሩ ተመጥጦ የሚወጣለት የላስቲክ ከረጢት ለጋቢና ለሹራብ ቦታ ይቆጥባል፤ ክብደት ግን አይቀንስም፣ ስስ ልብስንም ጨምቆ ስለሚይዝ ለቀሚስ ፈጽሞ አይሆንም።

ጂንስ፣ ካናቴራና የውስጥ ልብስ ብዙ ሐተታ አይሹም፤ ጠበቅ ተደርገው ተጠቅልለው በሻንጣው ጎንና ማዕዘን ይገባሉ። ካልሲ በጫማ ውስጥ ይከተታል፣ ጫማውም በፌስታል ይታሠራል። ሸሚዝ ቁልፎቹ ተቆልፈው ይታጠፋል፤ የተጠቀለለ ቀበቶ በኮሌታው ውስጥ ቢቀመጥ ኮሌታው አይደፈጠጥም። የተተኮሰ ሱሪ ካለ ወገቡን በሻንጣው ወለል ላይ አስተኝቶ እግሮቹን ከሻንጣው ውጭ መተው፣ ሌላው ልብስ ከገባ በኋላም በላዩ መመለስ ጥሩ ነው፤ የተጠቀለለው ልብስ በመሐል ስለሚሆን ሱሪው በጉልበቱ ላይ አይሰበርም።

ጫማና ሌላ ከባድ ዕቃ ሻንጣው ሲቆም ወደ ታች በሚሆነው በጎማው በኩል ይግባ፤ የቀሚሱ ጥቅል በተቃራኒው ጎን ከሁሉም በላይ ይሁን። ጎዶሎ ሻንጣ ውስጥ ልብስ እየተንሸራተተ ይከመራል፤ በጉልበት የተዘጋ ሻንጣም ልብሱን እንደ መጭመቂያ ይጫነዋል። ስለዚህ ክዳኑ ሳይታገል የሚዘጋበትና ሲነቀነቅ ውስጡ የማይንቀሳቀስበት ልክ ይፈለግ። በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ሊጫን እንደሚችል አስቦ የነጩን ጥቅል ከአቧራ በሚከላከል ላስቲክ ይሸፍነው፤ በአውሮፕላን የሚመጣ ደግሞ በእጅ በሚያዘው 7 ኪሎ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የበዓሉን ልብስ ይያዝ።

እንደደረሱ፣ ቡና ከመቅረቡ በፊት እንኳ ቢሆን፣ ጥቅሉን ፈትተው ቀሚሱን ይስቀሉት። ትንሽ ምልክት ቢታይ እጅን በንጹሕ ውኃ ነካ አድርጎ ቦታውን ማርጠብና ጨርቁን በሁለት እጅ ቀስ ብሎ እየሳቡ ማቃናት ይበቃል፤ የጥር አየር ደረቅ ስለሆነ ልብሱ ለማግስቱ ይደርሳል።

ጥር 11 ጠዋት ባሕሩ ተባርኮ ውኃው በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ ወጣቶችም ዘለው ሲገቡ፣ ልብስ መራሱ አይቀርም። የራሰውን ሸማ አይጠምዝዙት፤ ውኃውን በፎጣ ውስጥ ተጭነው ካወጡለት በኋላ በጥላ ያስጡት፤ እርጥበት እያለውም ወደ ሻንጣ አይመልሱት፣ ሻግቶ ሊጠቁር ይችላልና።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚሰናዳው ስንቅ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ለእህቴ የሰጠናትን ቅቤ ከልብሷ ጋር ስለሸከፍነው በመንገድ ሙቀት ቀልጦ በነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፤ ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቅቤው ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ሆኖ በዘንቢል ለብቻው በእጅ ይያዛል፤ በርበሬውና ሽሮውም ሽታቸው ጥጥ ውስጥ ስለሚገባ ከልብስ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም።