ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዞ «ሲግናል የለም» ሲል፦ እንዴት ተፈታ

ቦታው ጎንደር፣ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ነው። ባለ 55 ኢንች ፎርኬ (4K፣ በጣም ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ) ቴሌቪዥን በ10 ሜትር የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያስተላልፍ) ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። ምስሉ ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ «ሲግናል የለም»።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ ኢንፑት (ምስል የሚቀበልበት መሰኪያ) ሊዞር ስለሚችል መጀመሪያ የታየው እሱ ነበር። ኢንፑቱ ትክክል ነው። ላፕቶፑ በ1.5 ሜትር ገመድ ሲሞከር ግን ምስሉ ሳይጠፋ ቆየ። ጥፋቱ የረጅሙ ገመድ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ላፕቶፑ ቴሌቪዥኑ ፎርኬ መሆኑን ሲያውቅ ብዙ ጊዜ በራሱ 3840 በ2160 ፒክሰል (የምስል ነጥብ)፣ በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ይልካል። ይህ በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት የሚሸከም ገመድ ይፈልጋል። ቀጭን የመዳብ ገመድ በ10 ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ አይችለውም።

አዲስ ገመድ መግዛት አላስፈለገም። የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ «ኤክስቴንድ»ን (ቴሌቪዥኑን እንደ ሁለተኛ ስክሪን የሚያደርገውን) መምረጥ፤ ቀጥሎ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ለይቶ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የፒክሰል ብዛት) ለገመዱ ወደሚቀለው 1920 በ1080 ዝቅ ማድረግ። ለእግር ኳስና ለሠርግ ቪዲዮ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለውጡን ካላጸደቃችሁት ከ15 ሰከንድ በኋላ በራሱ ይመለሳልና ስክሪኑ ቢጨልም አትደንግጡ።

ድምፁ ከላፕቶፑ ከወጣ በስተቀኝ ግርጌ ያለውን የድምፅ ምልክት ነክቶ ቴሌቪዥኑን መምረጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ረጅም ገመድ በክብደቱ መሰኪያውን ወደ ታች እየጎተተ ያላላዋል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከመሰኪያው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ገመዱን ከመስቀያው ብረት ጋር እሰሩት።