ከፍቷችሁ ሳለ እንዴት እንደምትወስኑ

ደብረ ብርሃን ክረምት ላይ ጉሙ አልገለጥ ሲል፣ ብርዱም አጥንት ሰርስሮ ሲገባ ሰው ይደብረዋል። መደበሩ ያለ ነው። ጣጣው የሚመጣው በዚያው ስሜት በግ ስንሸጥ፣ ልጅ ስንቆጣ፣ ወይም «ይሄ ኑሮ አይረባም» ብለን ስንደመድም ነው።

መጀመሪያ ስሜቱ ከየት እንደመጣ ራሳችሁን ጠይቁ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኖርበርት ሽዋርዝ እና ጄራልድ ክሎር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኑሯቸው ምን ያህል እንደሚረኩ በስልክ ተጠየቁ። ፀሐይ በወጣበት ቀን የተጠየቁት፣ በዝናብ ቀን ከተጠየቁት ይልቅ ኑሯችን ደህና ነው አሉ። ጠያቂው አስቀድሞ «እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው?» ሲል ግን ልዩነቱ ጠፋ። ያስከፋቸው ሰማዩ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ኑሯቸውን በዚያ መመዘን ተዉ። በኋላ የተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶች የአየር ሁኔታ ጉልበት ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል፤ መጠየቁን ግን አትተዉት። «የደበረኝ ብርዱ ነው»፣ «እንቅልፍ አልጠገብኩም» በሉ።

ቀጥሎ ስሜቱን ለዩት። የተናደደ ሰው ይደፍራል፤ አደጋው ትንሽ መስሎ ይታየዋል። የፈራ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር አደጋ ይሆንበታል። ሐዘን የባሰ ኪስ ይጎዳል። በአንድ ሙከራ ያዘኑ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ዕቃ በርካሽ ለመልቀቅ፣ አዲሱን ደግሞ በውድ ለመግዛት ተስማምተዋል። ለቅሶ ሰንብቶ ገበያ የወጣ ሰው፣ ላቱ የወፈረ የመንዝ በግ ይዞ፣ ነጋዴው በጠራለት የመጀመሪያ ዋጋ «ይሁን፣ ውሰደው» ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋችሁን ልባችሁ በረጋበት ቀን ቁረጡ። ለቤተሰብ ተናገሩት። ከዚያ በታች አትውረዱ።

ደስታም ይፈተሽ። ደስ ያለው ሰው ሐሳብ ይፈልቅለታል፤ ዝርዝሩን ግን ቶሎ ያልፋል። በሰርግ ሰሞን ዋስ አትሁኑ፣ ውልም አትፈርሙ።

ሥራ ሲያስጠላችሁ ደግሞ ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ማሳው ሙሉ ቢከብድ ጥግ ጥጉን አርሙ፤ ፍላጎት ብዙ ጊዜ ከሥራው በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ አልሆን ብሎ መክፋቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብም ከነሳችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሳትደብቁ ንገሯቸው።