የጓሮ አትክልት ያለ መርዝ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው ጎመንና ቆስጣ አያጣም። ጥግ ላይ ጤና አዳም፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ጋን ማጠቢያ የሚሆን ግራዋ ይኖረዋል። ወደ ኮምቦልቻ ወረድ ካላችሁ ፓፓያውና ማንጎው ይጨመራል። በዚህ ጓሮ ውስጥ ከእኛ ሌላ ብዙ ነዋሪ አለ፤ ንብ፣ ተርብ፣ ወፍ፣ እስስት፣ የምድር ትል። ያለ ኬሚካል አትክልት ማብቀል የሚቻለው እነሱ ሥራቸውን ሲሠሩ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከትጋት ነው። ግቢውን እናሳምር ስንል የሚረዱንን እናጠፋለን።

ነፍሳት በታዩ ቁጥር መርጨት

በበጋ ጎመን ላይ ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ መውጣቱ አይቀርም። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ሲነኩት ይጣበቃል። ያኔ ብዙ ሰው ገበያ ወርዶ ማላታይን የተባለውን ፀረ-ነፍሳት መርዝ ይዞ ይመጣል። ክሽክሹ ይሞታል። ክሽክሽ የሚበሉትም አብረው ይሞታሉ። ክሽክሽ በጥቂት ቀናት ይራባል፤ ጠላቶቹ ግን ቀስ ብለው ነው የሚመለሱት። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይብሳል። እንደገና መርጨት ይመጣል።

ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ትንሽ ጥንዚዛ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ልጆቿን ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። ጠቆር ብለው ረዘም ያሉ፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለባቸው ትሎች ይመስላሉ። ጎመኑን የሚበሉ እየመሰለን እንጨፈልቃቸዋለን። እባካችሁ ተዉአቸው፤ ከእናታቸው ያላነሰ ክሽክሽ ይበላሉ።

ጠዋት የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ በውሃ ግፊት እጠቡት። በጣም የተጎዳውን ቅጠል ቆርጣችሁ ጣሉ። ከዚያ አንድ ሳምንት ታገሡ። የግድ የምትረጩት ነገር ቢኖር እንኳ አበባ ባወጣ ተክል ላይ በፍጹም አይሁን። ንቧ መርዙን ይዛ ወደ ቀፎዋ ትገባለች፤ የሚያልቀው የጎረቤታችሁ ንብ ነው።

«የተፈጥሮ ነው» ብሎ መዘናጋት

ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ጉዳት የሌለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኒኮቲን ለንብም ለሰውም መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል። የነጭ ሽንኩርት፣ የሚጥሚጣና የሳሙና ውህድ ከዚያ ይሻላል። እሱም ቢሆን ጠቃሚውን ነፍሳት ከጎጂው አይለይም፤ ስለዚህ የታመመው ተክል ላይ ብቻ ይሁን። ከኒም ዛፍ የሚዘጋጀውን መርጫ ያገኛችሁ ደግሞ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ርጩት። ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ታጠፋዋለች፤ ንቦችም በዚያ ሰዓት ገብተዋል።

እስስትንና ጉጉትን ማሳደድ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። እስስት ስትታይ ልጆች ድንጋይ ያነሳሉ። ትልልቆቹም «መርዝ አላት» ይላሉ። እስስት መርዝ የላትም። ምግቧ ዝንብ፣ ፌንጣና አባጨጓሬ ነው። ጓሮ ውስጥ አንዲት እስስት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ጉጉትም ጣራ ላይ ስታርፍ ሟርት ተብላ ትባረራለች። ሌሊት አይጥ የምታድንልን እሷ ናት። የአይጥ መርዝ ያስቀመጠ ሰው እሷንም ይገድላል፤ የተመረዘ አይጥ የበላ ሁሉ፣ የቤት ድመትም ጭምር፣ ሊሞት ይችላል። ለአይጥ ወጥመድ ይበቃል። አጥንትና የተረፈ ወጥ በየጓሮው አለመጣል ግን ከወጥመድም ይቀድማል።

ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል

ጓሮን እንደ ሳሎን መጥረግ፣ የተጠረገውንም ቅጠል ማቃጠል ልማዳችን ነው። ደሴ ተዳፋት ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ ጓሮ አፈሩ ባዶ ከሆነ የሐምሌ ዝናብ ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ያወርደዋል። ደረቅ ቅጠልና ጭድ ከአትክልቱ ሥር አራት ጣት ያህል አልብሱት፤ ግንዱን ብቻ አይንካው። የማቃጠሉ ጭስም አይኖርም፣ እርጥበቱም አይተንም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለዚህ አይሆንም፤ የሌላውን ዘር ቡቃያ ያዳክማል።

አንድ ጥግ ደግሞ ሳይጠረግ ይቅር። ቀፎ የሌላቸው፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦች አሉ። የሚራቡት ባልተቆፈረ መሬትና በደረቀ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ አገዳ ውስጥ ነው።

ትኩስ ፍግ መበተን

ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ሰላጣና ካሮት በጥሬው ስለሚበላ ለበሽታም ያጋልጣል። መጀመሪያ ይብሰል። ቢያንስ 1 ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ስፋት ያለው ክምር ሥሩ። ደረቁን ከእርጥቡ፣ ጭዱን ከፍጉና ከቡና አተላው ጋር አፈራርቁ። በደንብ የተሠራ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። ያ ሙቀት አብዛኛውን የአረም ዘርና ጀርም ይገድላል። የውጪው ወደ ውስጥ እንዲገባ አገላብጡት። ደሴ ብርድ ስለሆነ ከኮምቦልቻ ይልቅ ይዘገያል።

ሁለቱን ከተሞች አንድ አድርጎ ማየት

በመኪና የሚቀራረቡ ስለሆነ ችግኙም የሚመሳሰል ይመስለናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ኮምቦልቻ ያማረ ፓፓያ ደሴ ላይ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ቦታውን ያልለመደ ተክል ይታመማል፤ የታመመ ተክል ደግሞ ሰውን ወደ መርዝ ይገፋዋል። ደሴ ላይ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ባቄላና ጥቅል ጎመን ይመቻቸዋል። ቲማቲሙንና ቃሪያውን ለኮምቦልቻ ብንተው ይሻላል።

በቆሸሸ ወንዝ ውሃ ማጠጣት

ቦርከና የሁለቱን ከተሞች ፍሳሽ፣ የፋብሪካም ጭምር፣ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። በፍሳሹ ያሉ ከባድ ብረቶች የሚባሉት መርዛማ ንጥረ ነገሮች በቅጠሉ ውስጥ ከገቡ አጥቦም ቀቅሎም ማስወጣት አይቻልም። ኬሚካል ባትነኩም በዚህ ውሃ የጠጣ ሰላጣ ንጹሕ አይባልም። የጣራ ውሃ በሮቶ ማጠራቀም የተሻለ ነው። በረኪና ያለበት እጣቢም አትክልት ላይ አይደፋ።

ለወፎች ውሃ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ጠጠር ጣል አድርጋችሁ። ኮምቦልቻ ወባ ስላለ በየሁለት ቀኑ መድፋት ግዴታ ነው። ካለበለዚያ ቢምቢ ማርባት ይሆናል።

ቅንጬ አረምን አበባ እስኪያወጣ መተው

ነጭ አበባው ሲታይ ረፍዷል። አንድ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈሳል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ገና ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ከነሥሩ ንቀሉት። ለጌጥ የሚተከለው የወፍ ቆሎም ወፎች ዘሩን እየበተኑት ከግቢ ወጥቶ ይዛመታል፤ ባትተክሉት እመርጣለሁ።

አጥሩን ሁሉ ቆርቆሮ ማድረግ

ቆርቆሮ ላይ ወፍ ጎጆ አይሠራም፣ ንብም የምትቀስመው የላትም። ለጸጥታ ግንብ ያስፈልገናል ካላችሁ፣ በውስጥ በኩል ሰንሰልና ግራዋ አስጠጉበት። ሁለቱንም ንብ ትወዳቸዋለች። እሬት ብትጨምሩ ደግሞ ሲያብብ ረጅም መንቆር ያላቸው ትንንሽ አንጸባራቂ ወፎች ይመጡበታል። ሰንሰል ገንዘብ አይጠይቅም። ከጎረቤት አጥር ክንድ የሚያህል እንጨት ለምናችሁ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ ግማሹን መሬት ውስጥ ትከሉት።