ለገና ጨዋታ የፊት መከላከያ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከካናዳ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ያገለገለ የበረዶ ሆኪ ሄልሜት ከነፊት መከላከያው (የሽቦ መረብ ወይም የሚያሳይ ፕላስቲክ) ከላከላችሁ፣ ጎጃም ውስጥ የበረዶ ሜዳ ባይኖርም ለገና ይሆናል። ልብ በሉ፦ መከላከያው የተሠራው ለሆኪው ድፍን የጎማ ክብ ነው፤ ስፋቱ 7.6 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 2.5 ሴ.ሜ፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። የእኛ ጥንግ ግን እንደ ጠራቢው እጅ ይለያያል።

ጥንጉ ወይም የዱላው ጫፍ በሽቦው መሀል ይገባል

ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው። መንስኤው የቀዳዳው ስፋት ከጥንጋችሁ ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ሄልሜቱን ማንም ሳያደርገው መሬት ላይ አስቀምጡና በሜዳችሁ ያለውን ትንሹን ጥንግ፣ ቀጥሎም የዱላውን ሁለቱንም ጫፍ በየቀዳዳው ግፉ። ወደ ዓይን በኩል ከዘለቀ ያ ሽቦ ለእናንተ አይሆንም። ተጨማሪ ሽቦ እያሰሩ ማጥበብ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲመታ ወደ ውስጥ ይበጠስና ፊት ይወጋል።

ሲመታ ሽቦው አፍንጫና ከንፈር ይነካል

ሄልሜቱ ሰፍቷል ወይም የአገጭ ትራሱ ላልቷል። ጠርዙ ከቅንድብ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ራሳችሁን ስትነቀንቁ ብቻውን የሚዞር ከሆነ የጎን ብሎኖቹን አላሉና አጥብባችሁ መልሱ። ትራሱ አገጭ ላይ ይረፍ፣ የግራና የቀኝ ማሰሪያዎቹም ይቆለፉ። ለማጥበብ ብሎ ከውስጥ ሻሽ መጠምጠም አይረዳም፤ ሻሹ ይንሸራተታል፣ ሄልሜቱም አብሮ።

ፕላስቲኩ ይጉማል

በጮቄ ግርጌ የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ነው፤ ትኩስ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ለብ ባለ ውኃና በቀላል ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ በአቧራማ ነጠላ ደረቁን አትጥረጉት፣ ይጫጫራል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ፕላስቲኩን ይሰነጥቁታል። ምርጫ ካላችሁ ግን የሽቦውን ውሰዱ፤ አይጉምም።

ዓይን ተርፎ ጥርስ ይሰበራል

ግማሽ ፕላስቲክ ከአፍንጫ በታች አይሸፍንም። በቴሌቪዥን የምታዩአቸው የሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች ያደርጉታል፤ እዚያው አሜሪካ ግን ልጆች ሙሉውን የመልበስ ግዴታ አለባቸው። የገና ዱላ ከታች ወደ ላይ ስለሚነሳ ሙሉው ይሻላል።

ሽቦው ተጣሟል፣ ዝጓል ወይም ብየዳው ተሰንጥቋል

በመዶሻ አታቃኑ፣ ብየዳ ቤትም አትውሰዱት፤ ጥንካሬው አይመለስም። ለውጡት። ብሎን ብቻ ከዛገ የማይዝግ ብሎን በቂ ነው። ከሄልሜቱ ኋላ ያለውን የኤች.ኢ.ሲ.ሲ. (የአሜሪካ የሆኪ ዕቃዎች አረጋጋጭ ድርጅት) ተለጣፊም አንብቡ፦ ማረጋገጫው የሚያገለግለው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ተኩል ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቀኑን ማየትም አያስፈልግም።

የሞተር ሳይክል ሄልሜት ምትክ አይደለም፤ ይከብዳል፣ የጎን እይታንና የጓደኛን ጥሪ ይጋርዳል።